የታላላቅ ሰዎች ሕይወት፤ ዴቪድ ብሩስና የጼጼ ዝንብ

በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ የአንድ ሐኪም የሕይወት ታሪክ ነው። ሐኪሙ ከሞተ ብዙ ዘመን ቢያልፍም የሠራው ሥራ ግን እኛ የምንኖርበትን የምሥራቅ አፍሪካ ምድር፣ ሰውንም ከብትንም የነካ ነው። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እናስታውስ፤ በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከዲዴሳ፣ ከጊቤ፣ ከኦሞ ወይም ከባሮ አካባቢ የመጣችሁ ወላጆች «ገንዲ» ምን እንደሆነ ከእኔ በተሻለ ታውቃላችሁ። ትናንት ሲያርስ የዋለ በሬ ቀስ በቀስ ይከሳል፣ ፀጉሩ ይቆማል፣ ዓይኑ ያነባል፣ እየበላ ሥጋ አይዝም፤ በመጨረሻም ሞፈር መጎተት አቅቶት ይወድቃል። በ1980ዎቹ ከደጋ ተነሥተው በሰፈራ ወደ ምዕራብ ቆላ ከወረዱት ገበሬዎች ብዙዎቹ በሬዎቻቸውን ያጡት በዚህ በሽታ ነው። በሬ የሞተበት ገበሬ ደግሞ ምን እንደሚሆን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

ለመሆኑ ይህ በሽታ ከየት ይመጣል? የሚያስተላልፈውስ ማን ነው? ዛሬ ማንኛውም የእንስሳት ሐኪም የጼጼ ዝንብ ነው ብሎ ይመልስላችኋል። ይህን መልስ በማስረጃ ያረጋገጠው ሰው ዴቪድ ብሩስ ይባላል። እንዴት እንዳረጋገጠው፣ የት ላይ እንደተሳሳተና እነማን እንደረዱት አብረን እንመልከት።

በ14 ዓመቱ ከትምህርት የወጣው ልጅ

ዴቪድ ብሩስ የተወለደው ግንቦት 29 ቀን 1855 በአውስትራሊያ፣ በሜልበርን ከተማ ነው። ወላጆቹ ስኮትላንዳውያን ሲሆኑ ወደ አውስትራሊያ የተሻገሩት ወርቅ ተገኘ በተባለበት ዘመን ነበር። አባቱ መሐንዲስ ስለነበረ በወርቅ ማውጫ ስፍራ የድንጋይ መፍጫ መኪና ይተክል ነበር። ልጁ 5 ዓመት ሲሞላው ቤተሰቡ ወደ ስኮትላንድ ተመለሰ፤ ዴቪድም ትምህርቱን በስተርሊንግ ከተማ ጀመረ።

ይሁን እንጂ በ14 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ በእንግሊዝ አገር በማንችስተር ከተማ በአንድ የንግድ መጋዘን ተቀጥሮ መሥራት ጀመረ። ጠንካራ ሰውነት ስለነበረው ስፖርተኛ የመሆን ምኞት ነበረው። በ17 ዓመቱ ግን የሳንባ ምች ያዘውና ያን ምኞቱን አስተወው። ከዚያ በኋላ እንደገና ደብተሩን አንሥቶ በ1876 በ21 ዓመቱ ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በልጅነቱ ወፎችን መመልከትና መለየት ይወድ ስለነበር መጀመሪያ የመረጠው የእንስሳት ሳይንስ ነበር። በኋላ ወደ ሕክምና ተዛወረና በ1881 ተመረቀ።

ውድ ተማሪዎች፣ ይህን የምጽፍላችሁ እኔም ዩኒቨርሲቲ ሳልጨርስ የተሰደድኩ ስለሆንኩ ይህ የብሩስ ታሪክ ክፍል ከሁሉ ይበልጥ ይነካኛል። በ14 ዓመቱ ከትምህርት ገበታ የተነሣ ልጅ ሰባት ዓመት ቆይቶ ተመለሰ። ትምህርት ማቋረጥና ትምህርት ማብቃት አንድ አይደሉም። በየቤታችሁ «አሁንማ አልፎብኛል» የሚል ወንድም ወይም እህት ካላችሁ ይህን አንብቡላቸው።

በማልታ ደሴት

ብሩስ ከተመረቀ በኋላ በእንግሊዝ አገር ለአጭር ጊዜ በረዳት ሐኪምነት ሠራ። በዚያም የአንድ ሐኪም ልጅ ከሆነችው ከሜሪ ኤልዛቤት ስቲል ጋር ተዋወቀ፤ በ1883 ተጋቡ። በዚያው ዓመት የጦር ሠራዊት ሐኪም ሆኖ ተቀጠረና በ1884 በሜዲትራንያን ባሕር መካከል ወደምትገኘው ወደ ማልታ ደሴት ተላከ።

በማልታ የሰፈሩትን የእንግሊዝ ወታደሮች አንድ ትኩሳት ያሠቃያቸው ነበር። ትኩሳቱ መጥቶ ይሄዳል፣ ሄዶ ይመለሳል፤ ሰውየውን ላብ ያጠምቀዋል፣ መገጣጠሚያውን ይቆረጥመዋል፣ ለወራት አልጋ ላይ ያውለዋል። ብሩስና ሜሪ በገዛ ገንዘባቸው ማይክሮስኮፕ ይዘው ምርመራ ጀመሩ። በዚህ በሽታ ከሞቱ ወታደሮች ጣፊያ ላይ ናሙና ወስዶ ሲመረምር አንዲት ደቃቅ ባክቴሪያ አገኘ። ግኝቱን በ1887 ለዓለም አሳወቀ። ይህች ባክቴሪያና ዘመዶቿ ዛሬ በእሱ ስም «ብሩሴላ» ይባላሉ፤ በሽታውም ብሩሴሎሲስ ተብሏል።

ባክቴሪያዋ ትታወቅ እንጂ ወደ ሰው የምትገባበት መንገድ ግን ለብዙ ዓመታት ሳይታወቅ ቆየ። ብሩስ በሊቀ መንበርነት በመራው አጣሪ ቡድን ውስጥ ይሠራ የነበረ ቴሚስቶክለስ ዛሚት የተባለ የማልታ ተወላጅ ሐኪም በ1905 የደሴቲቱን ፍየሎች መረመረ። ጤነኛ የሚመስሉ ፍየሎች ደማቸው ውስጥ የበሽታው ምልክት ተገኘ፤ ባክቴሪያዋም በወተታቸው ወጣች። በቀጣዩ ዓመት ወታደሮቹ ጥሬ የፍየል ወተት እንዳይጠጡ ሲከለከል በሽታው በመካከላቸው በፍጥነት ቀነሰ። ብዙ ጊዜ የዚህ ሥራ ምስጋና ለብሩስ ብቻ ይሰጣል፤ እናንተ ግን የፍየሎቹን ነገር ያገኘው ዛሚት መሆኑን አስታውሱ።

ወላጆች ሆይ፣ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ብሩሴሎሲስ በአፍሪካ ቀንድ ፍየል፣ ግመልና ከብት በሚረባበት ሁሉ አለ። ምልክቱ ከወባ ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ወባ ነው እየተባለ የማይሆን መድኃኒት ይወስዳል። መከላከያው ግን ቀላል ነው፤ ወተትን ማፍላት። ለልጆቻችሁ ጥሬ ወተት አትስጡ። የጨነገፈች ፍየል ወይም ላም ሽልና የእንግዴ ልጅም በባዶ እጅ አይነካም።

በኡቦምቦ ኮረብታ

አሁን ወደ ዝንቡ ታሪክ እንግባ። ብሩስ ከማልታ ተመልሶ ለጥቂት ዓመታት በጦር ሠራዊት የሕክምና ትምህርት ቤት ካስተማረ በኋላ በ1894 ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ወደ ናታል ሄደ። በዚያ የሚገኙት ዙሉዎች «ናጋና» የሚሉት በሽታ ከብታቸውንና ፈረሳቸውን ይፈጅ ነበር። የናታል ገዥ ብሩስን ጉዳዩን እንዲመረምር ላከው። ብሩስና ሜሪ በበሬ በሚጎተት ጋሪ ለሳምንታት ተጉዘው ኡቦምቦ ከሚባል ኮረብታ ደረሱ። የሠሩበት ላቦራቶሪ ከእንጨትና ከጭቃ የተመረገ ጎጆ ነበር። የእኛን የመማሪያ ክፍል የምትንቁ ተማሪዎች ይህን ልብ በሉ።

በዚያን ጊዜ ስለ በሽታው ሁለት አስተሳሰቦች ነበሩ። አውሮፓውያን መንገደኞችና አዳኞች ከብቱን የሚገድለው የጼጼ ዝንብ መርዝ ነው ይሉ ነበር። የአገሩ ተወላጆች ደግሞ በሽታው የሚመጣው ከትልልቅ የዱር አራዊት ነው፣ አራዊቱ የረገጡትንና የበከሉትን ሣር የበላ ከብት ይታመማል ይሉ ነበር። ብሩስ ሁለቱንም ሰማና አንዱንም ሳያጣጥል ወደ ሥራ ገባ።

መጀመሪያ የታመሙ እንስሳትን ደም በማይክሮስኮፕ ሲመለከት የጠበቀው ባክቴሪያ ነበር። ያገኘው ግን ሌላ ነው። በቀይ የደም ሕዋሳት መካከል እንደ እባብ የሚጥመለመል፣ በጎኑ ስስ ሽፋን የሚርገበገብ ደቃቅ ተሕዋሲ አየ። ይህ ትሪፓኖሶማ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋሲ ነው። የታመመ እንስሳ ሁሉ ደሙ ውስጥ ይህ ነበረ፤ ጤነኛው ግን አልነበረውም።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ወደ ደም እንዴት ገባ የሚል ነው። ኮረብታው ላይ ዝንቡ የለም፤ ከኮረብታው በታች ያለው ቆላ ግን ዝንብ የሞላበት ነው። ብሩስ ጤነኛ ፈረሶችን ወደ ቆላው አወረዳቸው፤ እዚያ ሳሉ ሣር እንዳይግጡ፣ ውኃም እንዳይጠጡ ተደርገው ለዝንቡ ብቻ ተጋለጡ፤ ከዚያም ወደ ላይ ተመለሱ። ታመሙም። ምግቡና ውኃው ከጥርጣሬ ወጡ ማለት ነው። በሌላ ጊዜ ደግሞ ዝንቦቹን ከቆላው አስይዞ ወደ ኮረብታው አስመጣና በዚያ ባሉ ጤነኛ እንስሳት ላይ እንዲመገቡ አደረገ። እነሱም ታመሙ። አየሩም ከጥርጣሬ ወጣ።

ከዚያም የዱር አራዊቱን ደም ወስዶ ጤነኛ ውሾች ላይ ወጋ። ከጎሽ፣ ከድኩላና ከሌሎችም አራዊት የተወሰደው ደም ውሾቹን አሳመማቸው፤ አራዊቱ ራሳቸው ግን ምንም የበሽታ ምልክት አልታየባቸውም። እንግዲህ ተመልከቱ! ተወላጆቹም አውሮፓውያኑም እያንዳንዳቸው የእውነቱን ግማሽ ይዘው ነበር። በሽታው በዱር አራዊት ደም ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ ዝንቡ ከዚያ ወስዶ ለከብቱ ያካፍላል። ዝንቡ መርዝ የለውም፤ ተሸካሚ ነው እንጂ። ለተሕዋሲው በ1899 የተሰጠው የሳይንስ ስም ትሪፓኖሶማ ብሩሲ ሲሆን ይህም ለብሩስ መታሰቢያ ነው።

ከዚህ በኋላ በደቡብ አፍሪካ ጦርነት ተነሣና ብሩስና ሜሪ ከ1899 እስከ 1900 በሌዲስሚዝ ከተማ በከበባ ውስጥ ገቡ። እሱ ሆስፒታሉን ይመራና ቀዶ ጥገና ያደርግ ነበር፤ እሷ ደግሞ ቁስለኞችን ታስታምም ነበር። ለዚህም አገልግሎቷ የክብር ሜዳይ ተሰጥቷታል።

እንቴቤ፣ 1903

ከ1900 ገደማ ጀምሮ በቪክቶሪያ ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ በኡጋንዳ አንድ አስከፊ ወረርሽኝ ገባ። ሰዉ መጀመሪያ ትኩሳትና ራስ ምታት ይይዘዋል፤ በኋላ ጠባዩ ይለወጣል፣ ንግግሩ ይኮላተፋል፣ ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይባንናል፤ በመጨረሻም ከእንቅልፉ ሳይነቃ ይሞታል። የእንቅልፍ በሽታ የተባለው ይኸው ነው። እስከ 1920 ድረስ በአካባቢው ከ200,000 እስከ 300,000 የሚገመት ሕዝብ እንደፈጀ ይነገራል።

መንስኤውን እንዲያጣሩ በ1902 የተላኩ ሐኪሞች ነበሩ። ከእነሱ አንዱ የሆነው ጣሊያናዊው አልዶ ካስቴላኒ ከታመሙ ሰዎች አከርካሪ በተቀዳ ፈሳሽ ውስጥ ትሪፓኖሶማ አየ። ብሩስ በመጋቢት 1903 እንቴቤ ሲደርስ ካስቴላኒ ያየውን ነገረው። ብሩስ ወዲያው ትዝ ያለው ኡቦምቦ ነው። የከብቱን ትሪፓኖሶማ የሚያስተላልፈው የጼጼ ዝንብ ከሆነ የሰዉንም የሚያስተላልፈው ጼጼ ይሆን? እዚህ ላይ ሳንደብቅ የምንነግራችሁ ነገር፣ ማን ቀድሞ አገኘ በሚለው ጉዳይ በኋላ በሐኪሞቹ መካከል ብዙ ጭቅጭቅ መነሣቱን ነው።

ብሩስ ግምቱን እንደ እውነት አልቆጠረም። ማረጋገጫ ፈለገ። የፈለገው ማረጋገጫ በአንድ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚገኝ አልነበረም፤ አገሩን በሙሉ ማየት ይጠይቃል። ስለዚህ የቡጋንዳ ካቲኪሮ፣ ማለትም ጠቅላይ ሚኒስትር ወደነበሩት ወደ አፖሎ ካግዋ ዘንድ ሄዶ እርዳታ ጠየቀ። ካግዋ የተማሩና በሕዝባቸው ዘንድ የተሰሙ ሰው ነበሩ። በእሳቸው ትእዛዝ የየአውራጃው ሹማምንት፣ እንዲሁም በየቦታው ያሉ ሚስዮናውያን ሁለት ነገር እንዲልኩ ተጠየቁ። አንደኛው በአካባቢያቸው የሚናከሱትን ዝንቦች ይዘው ገድለው፣ ከየት እንደተያዙ ጠቅሰው እንዲልኩ ነው። ሁለተኛው በአካባቢያቸው የእንቅልፍ በሽታ መኖር አለመኖሩን እንዲገልጹ ነው።

ከየአቅጣጫው የዝንብ ጥቅሎች እንቴቤ ይደርሱ ጀመር። ከመጡት ሁሉ ጼጼው ጥቂቱ ነው፤ ሌላ ሌላ የሚናከስ ዝንብም ብዙ ነበረ። ብሩስና ባልደረቦቹ እያንዳንዱን እየተመለከቱ ይህ ጼጼ ነው፣ ይህ አይደለም እያሉ ለዩ። ከዚያም ሁለት ካርታ ሠሩ። በአንዱ ላይ ጼጼ የተገኘባቸውን ቦታዎች፣ በሌላው ላይ የእንቅልፍ በሽታ ያለባቸውን ቦታዎች ምልክት አደረጉ። ሁለቱን ካርታዎች ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው ምልክቶቹ አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ዋሉ፤ በሐይቁ ዳርቻና በደሴቶቹ ላይ። ዝንቡ ከሌለበት የበሽታው ስርጭት የለም።

ያም ሆኖ ብሩስ በካርታ ብቻ አልረካም። ዝንቦቹ ከታመመ ሰው ደም እንዲመገቡ ካደረገ በኋላ ጤነኛ ጦጣዎች ላይ አደረጋቸው። ጦጣዎቹ ትሪፓኖሶማ ተገኘባቸው። ከሐይቁ ዳር በቀጥታ የተያዙ ዝንቦችም ጤነኛ ጦጣዎችን አሳመሙ። በጥቂት ወራት ውስጥ የወረርሽኙ አስተላላፊ ታወቀ።

ውድ አንባቢያን፣ እነዚያን ዝንቦች በሐይቁ ዳር እየዞሩ የያዙት ሰዎች ስማቸው በመጽሐፍ አልተጻፈም። ገበሬዎች፣ ዓሣ አጥማጆችና የሹማምንት አሽከሮች ነበሩ። ዝንቡን ሲይዙም እየተነከሱ ነበር። ካርታው የተሠራው ግን በእነሱ እጅ ነው።

ጼጼን ከሌላ ዝንብ እንዴት እንለየዋለን?

የዚህ ታሪክ ቁልፍ መለየት መቻል ነው። ብሩስ ሌላውን ዝንብ ጼጼ ነው ብሎ ቢመዘግብ ኖሮ ካርታው ሁሉ ሐሰት ይሆን ነበር። ስለዚህ ምልክቶቹን እንማር።

1ኛ. የሰውነቱ ርዝመት ከ6 እስከ 14 ሚሊ ሜትር ሲሆን ቀለሙ ከብጫማ ቡናማ እስከ ጥቁር ቡናማ ይደርሳል። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ብዙ ዝንብ እንደዚህ ነው።

2ኛ. ሲያርፍ ሁለቱን ክንፎቹን እንደተዘጋ መቀስ አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ በጀርባው ላይ ያጥፋቸዋል። የቤት ዝንብ ግን ክንፎቹን ወደ ጎን ከፈት አድርጎ ነው የሚያርፈው።

3ኛ. የሚወጋበት አፉ ከራሱ ፊት ለፊት እንደ መርፌ ወደ ፊት ተዘርግቶ ይታያል።

4ኛ. ክንፉን ወደ ብርሃን አድርጋችሁ ብታዩ በሥሮቹ መካከል የመጥረቢያ ቅርጽ ያለው ክፍል አለ። ይህ ትልቁ ምልክት ነው። ዝንቡ ሞቶ ደርቆ፣ እግሩ ረግፎ፣ ክንፉም ካስተኛበት ተላቅቆ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ክንፍ ብቻ ቢቀር እንኳ በዚህ ምልክት ጼጼ መሆኑን መናገር ይቻላል።

ጼጼ መሆኑን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ የትኛው ጼጼ እንደሆነ ማወቅ ደግሞ ሌላ። ዝርያዎቹና ንዑስ ዝርያዎቹ አንድ ላይ 30 ያህል ናቸው። በሦስት ወገን ይከፈላሉ፤ የጫካ፣ የወንዝ ዳርና የቁጥቋጦ። የእግራቸው ጫፍ 5 ትንንሽ ክፍሎች አሉት። በወንዝ ዳሮቹ የኋላ እግር ላይ አምስቱም ጥቁር ናቸው፤ በቁጥቋጦዎቹ ደግሞ በአብዛኛው የመጨረሻዎቹ ሁለት ብቻ ይጠቁራሉ። ከዚያም አልፎ የሚመሳሰሉትን ለመለየት የወንዱን የጅራት ጫፍ በማይክሮስኮፕ ማየት ያስፈልጋል።

ከዚህ የተነሣ ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ ግማሽ መልስ ብቻ ይሰጣል። ከላይ የተነሣ ጥሩ ፎቶ የክንፉን አጣጣፍ ስለሚያሳይ ጼጼ መሆኑን ይነግረናል፤ የኋላ እግሩ ካልታየ ግን የትኛው እንደሆነ አይነግረንም። ባለሙያዎች ዝንቡን ራሱን የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ዛሬ የተነቀለ ክንፍ ፎቶ ተነሥቶ ሥሮቹ የሚገናኙባቸው ነጥቦች በኮምፒዩተር እየተለኩ ዝርያን ለመለየት ያግዛሉ። የተያዘበት ቦታና ቀን ያልተጻፈበት ዝንብ ግን ምንም ቢያምር ለካርታ አይጠቅምም።

ብሩስም ተሳስቶ ነበር

ብሩስ የኡቦምቦውን ዝንብ በ1895 ባወጣው ዘገባ «ግሎሲና ሞርሲታንስ» ብሎ ጠርቶት ነበር። በ1903 የለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ባለሙያ የነበረው ኧርነስት ኦስተን በቤተ መዘክሩ የተሰበሰቡትን ጼጼዎች አንድ በአንድ መርምሮ መጽሐፍ አሳተመ፤ በዚያም «ግሎሲና ፓሊዲፔስ» የሚባለውን እንደ ራሱ ዝርያ ለየ። ከዚያ በኋላ የዙሉላንዱ የናጋና ዋና አስተላላፊ ይኸኛው መሆኑ ታወቀ። በኡጋንዳም ብሩስ «ግሎሲና ፓልፓሊስ» ያለው የሐይቅ ዳር ዝንብ ዛሬ «ግሎሲና ፉሲፔስ» ይባላል።

ስሙ መታረሙ የብሩስን ሥራ አላፈረሰውም። ዝንቡ አስተላላፊ ነው ያለው እውነት ነው። ስሙን ለማረም የተቻለው ግን ናሙናዎች ስለተቀመጡ፣ የሚቀጥለው ሰውም ደፍሮ ደግሞ ስላያቸው ነው። ከላይ የጠቀስናቸው ፓሊዲፔስና ፉሲፔስ ሁለቱም በኢትዮጵያ አሉ። በአገራችን 5 ዓይነት ጼጼዎች በምዕራብ፣ በደቡብ ምዕራብና በደቡብ ቆላዎች ተመዝግበዋል። የሰው የእንቅልፍ በሽታም በ1967 በጋምቤላ አካባቢ ተገኝቶ ነበር።

ብሩስ ሌላም ስሕተት ነበረበት። ዝንቡ ተሕዋሲውን በአፉ እንደ ቆሸሸ መርፌ ብቻ የሚያሸጋግር ይመስለው ነበር። በ1909 ፍሪድሪክ ክላይነ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ተሕዋሲው በዝንቡ ሰውነት ውስጥ ለሳምንታት አድጎና ተለውጦ ከዚያ በኋላ እንደሚተላለፍ አሳየ። በዚያን ጊዜ ብሩስ ለሁለተኛ ጊዜ ኡጋንዳ ነበር። የክላይነን ሙከራ ራሱ ደግሞ አየው፤ እውነት ሆኖ ስላገኘው የቀድሞ ሐሳቡን ተወ። ዕድሜውና ማዕረጉ ከፍ ካለ በኋላ ተሳስቻለሁ ማለት ለብዙ ሰው ከባድ ነው።

ከሐይቁ ዳር የተነሡት ሰዎች

የዚህ ታሪክ ሌላ ገጽ ግን እኛን ስደተኞችን የሚያሳዝን ነው። አስተላላፊው ከታወቀ በኋላ የእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎች ዝንቡን ማጥፋት ስላልቻሉ ሕዝቡን ለማንሣት ወሰኑ። ከ1906 በኋላ በነበሩት ዓመታት ከሐይቁ ዳርቻ፣ ቀጥሎም እንደ ሴሴ ካሉ ደሴቶች ሕዝቡ በሙሉ ተነሣ። ዓሣ አጥማጁ ታንኳውን፣ ገበሬው የሙዝ እርሻውን ጥሎ ወጣ። መመለስ የተፈቀደው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው።

ከዝንቡ መራቁ የብዙ ሰው ነፍስ ሳያድን አልቀረም። ቢሆንም ሰዎቹ ምርጫ አልተሰጣቸውም፤ መሬታቸውም ዱር ሆኖ ቆያቸው። ቤትን ጥሎ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ በዚህ ካምፕ የማያውቅ የለም። ስለዚህ ይህን ታሪክ ስናነብ የሐኪሙን ብልሃት እናድንቅ፤ የተነሡትንም ሰዎች አንርሳ።

ዛሬ ሰውን ሳያነሡ ዝንቡን የሚቀንሱ መንገዶች አሉ። ጼጼ ሰማያዊና ጥቁር ቀለም ይስበዋል። ስለዚህ በሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ የተሠሩ ወጥመዶች፣ እንዲሁም መድኃኒት የተነከሩ ጨርቆች በወንዝ ዳር ይተከላሉ። የጼጼ እናት እንደ ሌላ ዝንብ ብዙ እንቁላል አትጥልም፤ በ10 ቀን ገደማ አንድ ትል ብቻ ትወልዳለች። በመሆኑም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ቢያዝ ቁጥሩ ቶሎ ይወርዳል። ወጥመዱ፣ ምርመራውና መድኃኒቱ ተደምረው ከ2018 ወዲህ በመላው አፍሪካ በዓመት የሚመዘገበው የእንቅልፍ በሽተኛ ቁጥር ከ1,000 በታች ሆኗል። ገንዲ ግን በከብት ላይ ዛሬም አለ። ወደ ቆላ ስትሄዱ ሰማያዊና ጥቁር ልብስ ባትለብሱ ይመረጣል።

ሜሪ ብሩስ

ብሩስ ከ1911 እስከ 1914 ደግሞ በኒያሳላንድ፣ በዛሬዋ ማላዊ፣ ስለዚሁ በሽታ መረመረ። በ1908 ሰር የሚል ማዕረግ ተሰጥቶት ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጦር ሠራዊቱን የሕክምና ኮሌጅ መራ፤ በቁስል ስለሚመጣው የመንጋጋ ቆልፍ በሽታም ሠራ።

በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ ሜሪ ከእሱ ጋር ነበረች። በማልታ ባክቴሪያውን በማሳደግ፣ በኡቦምቦና በእንቴቤ ደም በመመርመር አብራው ሠርታለች። በማይክሮስኮፕ የታዩትን ትሪፓኖሶማዎች በእጇ የምትስለው እሷ ነበረች፤ በየዘገባው የታተሙትን ሥዕሎች አይተው ሌሎች ሐኪሞች ተሕዋሲውን መለየት ተማሩ። ልጅ አልነበራቸውም። ሜሪ ኅዳር 23 ቀን 1931 ለንደን ውስጥ አረፈች። ብሩስም ከአራት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 27 ቀን፣ የመታሰቢያ ጸሎቷ እየተደረገ ሳለ አረፈ። ስለ ሥራው የሚጻፍ ነገር ቢኖር የሜሪ ድርሻ እንዳይረሳ አደራ ብሎ ነበር። እኛም አደራውን ጠብቀናል።

እንግዲህ ውድ ተማሪዎች፣ በዚህ ካምፕ ማይክሮስኮፕ የለንም። ዓይን ግን አለን፤ እርሳስና ወረቀትም አናጣም። የምታዩትን ነገር በቅርበት ተመልክታችሁ፣ ከሚመስለው ለይታችሁ፣ ቦታውንና ቀኑን ጽፋችሁ የማስቀመጥ ልማድ ዛሬ ይጀመራል። ወላጆችም ስለ ከብት፣ ስለ ሣርና ስለ ዝንብ የምታውቁትን ለልጆቻችሁ ንገሩ። ካግዋ ያዘዙት የዝንብ አሰባሰብ ያለ አገሬው ሰው እርዳታ ከንቱ ይቀር ነበር።

ጥያቄዎች

1. ብሩስ ፈረሶቹን ወደ ቆላው ሲያወርድ እንዳይበሉና እንዳይጠጡ ያደረገው ለምንድን ነው?

2. ሁለቱ ካርታዎች መመሳሰላቸው ብቻውን ለምን በቂ ማስረጃ አልሆነም?

3. የጼጼን ክንፍ ከቤት ዝንብ ክንፍ ጋር አነጻጽራችሁ በደብተራችሁ ሣሉ። የቤት ዝንቡን ከክፍላችን መስኮት ታገኛላችሁ፤ ጼጼውን ግን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እስልላችኋለሁ።

4. ከአባት፣ ከእናት ወይም ከአያት ጠይቃችሁ በአካባቢያችሁ የከብት በሽታ እንዴት ይታወቅ እንደነበር በግማሽ ገጽ ጻፉ።

መልሳችሁን በሚቀጥለው ሳምንት አምጡ። በሌላ እትም የሌላ ሰው ታሪክ ይዘን እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።